ዘፈን በሥዕል የተተረጐመበት ታሪክ

የዜማ ጠባይ ከሥዕል ጠባይ የተለየ ነው። ሥዕል በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲኖር፥ ተመልካቹ ቢወድ ከራስጌው ቢወድ ከግርጌው ጀምሮ ያየዋል፤ ሲደክመው ትቶት ይሄዳል፤ ሲመለስም ያው በስፍራው ቆሞ ያገኘዋል። ዜማ ግን ሰውን አይጠብቅም። ከመነሻው ተነሥቶ ወደ መድረሻው ይጓዛል እንጂ፥ አንድ ጊዜ ያለፈው ምት ተመልሶ አይያዝም። እነዚህን ጠባያቸው የማይገጥም ሁለት ነገሮች ባንድ ቀንበር ጠምዶ ለማሳረስ ሰዎች ከመቶ ሠላሳ ዓመት ይበልጥ ደክመዋል። ዛሬ የሙዚቃ ቪዲዮ፥ ባጭሩም ክሊፕ የሚባለው ነገር የዚህ ድካም ፍሬ ነው። በብዙ አገር የመገናኛ ብዙኃንን ሥራ የሚማሩ ወጣቶች አንድ ዘፈን መርጠው ክሊፕ እንዲያቅዱ፥ ሌሎች የሠሩትንም እየመረመሩ እንዲጽፉ ይታዘዛሉ። የሚሞሉት ሰንጠረዥና የሚናገሩበት ቃል ግን በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም፤ ከበስተኋላው የረዥም ዘመን ክርክር አለበት። ክርክሩም ስለ ትርጓሜ ነው። ዘፈኑ ንባብ ነው፤ ሥዕሉ ትርጓሜው ነው። ትርጓሜ ንባቡን የሚያበራበት ጊዜ አለ፤ የሚያጨልምበትም፥ ጨርሶ የሚውጥበትም ጊዜ አለ።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1894 በኒው ዮርክ ኤድዋርድ ማርክስና ጆሴፍ ስተርን የሚባሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው የልብስ ቍልፍ፥ ሁለተኛው ከረባት እየሸጡ ካገር አገር ሲዞሩ የኖሩ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ስለ አንዲት የጠፋች ሕፃን ዘፈን ደረሱ። ታሪኩም እንዲህ ነው፤ አንድ ፖሊስ በመንገድ የምታለቅስ ሕፃን አግኝቶ ሲያጽናናት እናቲቱ ፍለጋ ትመጣለች፤ ያን ጊዜ ሕፃኒቱ የገዛ ልጁ፥ ሴቲቱም ተቀያይመው የተለያት ሚስቱ ሆና ትገኛለች። በብሩክሊን በአንድ ቴያትር ቤት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የነበረው ጆርጅ ቶማስ ይህን ዘፈን በሥዕል ለማሳየት አሰበ። ሰዎችን አልብሶና እንደ ታሪኩ አቁሞ ፎቶግራፍ አነሣቸው፤ ፎቶግራፉን በመስተዋት ላይ አትሞ ቀለም አስቀባው፤ ዘፋኙ ሲዘፍንም በፋኖስ ብርሃን እያከታተለ በመጋረጃው ላይ አሳየው።

ሕዝቡ እጅግ ወደደው። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ለሚያህል ጊዜ በአሜሪካ የሲኒማ ቤቶች አንዱ ፊልም ተፈጽሞ ሁለተኛው እስኪተካ ድረስ ዘፈን ከሥዕል ጋራ ማሰማት የተለመደ ሆነ። ለአንድ ዘፈን ከዐሥራ ሁለት እስከ ዐሥራ ስድስት የሚያህል መስተዋት ይዘጋጅ ነበር፤ በመጨረሻውም ላይ የአዝማቹ ቃል ይጻፍበትና ሕዝቡ ሁሉ አብሮ ይዘፍናል። ትርፉ የሚገኘው ግን ከመጋረጃው አልነበረም፤ ከታተመው የዘፈን ወረቀት ሽያጭ ነበር እንጂ። እንግዲህ ሥዕሉ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ የዘፈኑ አሻሻጭ ነበረ ማለት ነው። ደግሞም ዕቅድ የሚባለው ነገር ከዚያው ይዠምራል፤ በየትኛው ቃል ላይ የትኛው መስተዋት እንደሚለወጥ አስቀድሞ ካልተወሰነ፥ ፋኖስ ያዡ አንድ ስንኝ ቢዘገይ ዘፋኙ የእናቲቱን ልቅሶ ሲያሰማ ሕዝቡ የፖሊሱን ጢም ሲመለከት ይገኛል።

በዚያው ዘመን፥ በ1894 መጨረሻ ወይም በ1895 መጀመሪያ፥ በኒው ጀርዚ በቶማስ ኤዲሰን የሥራ ቤት ዊልያም ዲክሰን የሚባለው ረዳቱ ሌላ ነገር ሞከረ። በአንድ ታላቅ የድምፅ መሳቢያ ቀንድ ፊት ቆሞ ቫዮሊን ሲመታ፥ በአጠገቡም ሁለት ሰዎች ተያይዘው ሲጨፍሩ በፊልም አስነሣ፤ ድምፁም በሰም ላይ ተቀረጸ። ፊልሙ ከሃያ ሴኮንድ አይሞላም። ዳሩ ግን ሥዕሉ ባንድ ወገን፥ ሰሙ በሌላ ወገን ተለያይተው ቀሩ፤ ሰሙም ተሰብሮ ተገኘ። ሁለቱ እንደገና ልክ ለልክ የተገናኙት ዋልተር መርች የተባለው የፊልምና የድምፅ ባለሙያ ባደረገው ጥረት በ2000 ግድም ነው። ቫዮሊኑና ጭፈራው አንድ ክፍል ውስጥ ባንድ ጊዜ ተደርገው ሳለ፥ እንደገና ለመገናኘት መቶ ዓመት ፈጀባቸው።

ጥበቡ ወደ ሒሳብ የገባው በ1928 ነው። ዋልት ዲስኒና ባልደረቦቹ አይጡ የመርከብ ነጂ ሆኖ የሚታይበትን የሥዕል ፊልም ከሙዚቃ ጋራ ለማስማማት ሲጨነቁ፥ ዊልፍሬድ ጃክሰን የሚባለው ወጣት ሠዓሊ የእናቱን ሜትሮኖም አምጥቶ አሳያቸው። እናቱ የፒያኖ አስተማሪ ነበረች። ሜትሮኖም ምትን በትክክል እየቈጠረ ቀጭ ቀጭ የሚል መሣሪያ ነው። ድምፅ ያለው ፊልም በአንድ ሴኮንድ ሃያ አራት ነጠላ ሥዕል ያሳልፋል። ሙዚቃው በአንድ ደቂቃ 120 ምት ቢሆን፥ ለአንዱ ምት የሚደርሰው ዐሥራ ሁለት ሥዕል ነው፤ 96 ምት ቢሆን ዐሥራ አምስት ሥዕል ነው። ስለዚህ አይጡ እግሩን አንሥቶ የሚጥልበት ሥዕል ስንተኛው እንደ ሆነ ሙዚቃው ሳይሰማ በወረቀት ላይ ሊታወቅ ይቻላል። ይህም በልዩ ወረቀት ላይ ከላይ የሥዕሉ ሥራ፥ ከታች የሙዚቃው ልክ እየሆነ ይጻፍ ዠመር። ድጓን የሚያውቅ ሰው ለዚህ ወረቀት እንግዳ አይሆንም፤ ከቃሉ በላይ በደቃቁ የተጻፈው ምልክት ድምፁ የት እንደሚነሣና የት እንደሚወድቅ ለመሪጌታው እንደሚያመለክተው፥ ይህም ወረቀት እጁን ወዴት እንደሚያነሣ ለሠዓሊው ያመለክተዋል።

ፊልሙ ገና ሳያልቅ በአንድ ሌሊት ሚስቶቻቸውን ተመልካች አድርገው ሞከሩት። ጃክሰን የአፍ ሃርሞኒካ ሲነፋ፥ ሌሎቹ ከመጋረጃው በስተጀርባ ሆነው ድስቱንም ፉጨቱንም ሲያሰሙ፥ ሥዕሉና ድምፁ ገጠመ። በኒው ዮርክ ከኦርኬስትራ ጋራ ለመቅረጽ መዠመሪያ የተደረገው ሙከራ ግን አልሆነም፤ የሙዚቃው መሪ ከሥዕሉ ጋራ ሊሮጥ አልቻለም። ቈይቶ በፊልሙ ላይ ምቱን የሚያሳይ ምልክት ስለ ተጨመረለት ሁለተኛው ቀረጻ ተሳካ፤ ፊልሙም በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ታየ።

ወዲያውም ጠብ ተነሣ። ሙዚቃ ደራሲው ካርል ስታሊንግ ሥዕሉ ሙዚቃውን ይከተል አለ፤ ዲስኒ ሙዚቃው ሥዕሉን ይከተል አለ። የታረቁበት መንገድ ብልኅነት ያለበት ነው፤ በአይጡ ፊልሞች ሙዚቃው ይታዘዝ፤ በሌላ ተራ በሚወጡት ፊልሞች ደግሞ ሥዕሉ ይታዘዝ ተባለ። የሁለተኛው ተራ መጀመሪያ በ1929 የወጣው የዐፅሞች ጭፈራ ነው። ታሪክን በትንንሽ ሥዕል ከፋፍሎ በሰሌዳ ላይ በተራ የመለጠፍ ልማድ፥ ዛሬ ተማሪ ሁሉ ስቶሪቦርድ የሚለው፥ የተስፋፋው በዚያው ቤት በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1933 የወጣው የሦስቱ አሳማዎች ፊልም በዚህ መንገድ የታቀደ ነበረ። ሰሌዳው ያለው ጥቅም ቀላል ይመስላል፤ መጥፎ ሐሳብ ገና ብዙ ገንዘብ ሳያስወጣ ተነቅሎ ይጣላል።

ከሆሊውድ ወደ ሞስኮ መሄድ ሩቅ ይመስላል፤ ነገር ግን መንገዱ ቀጥተኛ ነው። ሰርጌይ አይዘንስታይን የተባለው የሩስያ ፊልም ሠሪ በ1930 ሆሊውድ በነበረበት ጊዜ ከዲስኒ ጋራ ተዋውቆ ሥራውን እጅግ አደነቀ። የሙዚቃው ደራሲ ሰርጌይ ፕሮኮፊየቭም በ1938 መጀመሪያ ሆሊውድን ጐብኝቶ ዲስኒን አገኘ። በዚያው ዓመት ሁለቱ በአንድነት የአሌክሳንድር ኔቭስኪን ፊልም ሠሩ። ፊልሙ በ1242 በፔይፑስ ሐይቅ በረዶ ላይ ሩስያውያን ከጀርመን የመስቀል ጦረኞች ጋራ ያደረጉትን ውጊያ ይናገራል። በረዶው ግን በረዶ አልነበረም፤ የተቀረጸው በበጋ ሙቀት በሞስኮ አጠገብ ስለ ነበረ በረዶውን ሰው ሠራው።

የሁለቱ አሠራር ከዚያ በፊት ያልታየ ነው። አንዳንዱን ክፍል አይዘንስታይን አስቀድሞ ቀርጾና አቀናብሮ ያሳየዋል፤ ፕሮኮፊየቭም በጨለማው ክፍል ተቀምጦ ጣቱን በወንበሩ ክንድ ላይ እየመታ ሥዕሉን ይመለከታል፤ ማታ ከዚያ ወጥቶ በማግስቱ ቀትር ሙዚቃውን ጽፎ ያመጣል። አይዘንስታይን ያን የሚመታ ጣት ሲያይ ሰውየው የሥዕሉን ልክ እየለካ እንደ ነበረ ኋላ ጽፏል። ሌላውን ክፍል ደግሞ ፕሮኮፊየቭ አስቀድሞ ይጽፋል፤ አይዘንስታይን ሥዕሉን በሙዚቃው ልክ ይቈርጣል። እንግዲህ ዲስኒና ስታሊንግ በሁለት ተራ የከፈሉትን እነርሱ ባንድ ፊልም ውስጥ እየተፈራረቁ አደረጉት። ፕሮኮፊየቭ በድምፅ መቅረጫውም ላይ ተራቀቀ፤ የጀርመኖቹ መለከት ለጆሮ አስቀያሚ እንዲሆን ሲፈልግ ነፊዎቹን ወደ ማይክሮፎኑ እጅግ አስጠግቶ ድምፁ እንዲሻክር አደረገ። ሌላ ሰው ቢሆን ስሕተት ነው ብሎ ያስደግመው ነበር።

ፊልሙ በታኅሣሥ 1938 ታየ። በነሐሴ 1939 ሩስያና ጀርመን ሲዋዋሉ ከየሲኒማ ቤቱ ተነሣ፤ በሰኔ 1941 ጀርመን ሩስያን ስትወጋ ተመለሰ። ለዚህ ታሪክ የሚጠቅመው ግን አይዘንስታይን በ1940 የጻፈው ምርመራ ነው። ከውጊያው በፊት ሩስያውያን ጎሕ ሲቀድ ጠላትን በዝምታ የሚጠባበቁበትን ስፍራ መረጠ፤ ዐሥራ ሁለት ቀረጻ ነው፤ ሙዚቃውም ዐሥራ ሰባት ልክ ነው። እነዚህን በአንድ ረዥም ሰሌዳ ላይ በአራት መስመር ደረደራቸው። በላይኛው መስመር ሥዕሎቹን፥ ከእነርሱ በታች የሙዚቃውን ኖታ፥ ከዚያ በታች የሥዕሉ ዋና ዋና መስመሮች እንዴት እንደ ተሰናዱ፥ በመጨረሻም ዓይን በሥዕሉ ላይ የሚሄድበትን መንገድ አሰመረ። ሙዚቃው ሲወጣ ዓይን ይወጣል፥ ሙዚቃው ሲወርድ ዓይን ከዐለቱ ራስ ወደ ሜዳው ይወርዳል ሲል አስተማረ። ዛሬ ተማሪ ባንድ ወገን ጊዜውን፥ ባንድ ወገን ግጥሙን፥ ባንድ ወገን ሥዕሉን እየጻፈ የሚሞላው ሰንጠረዥ የዚህ ሰሌዳ ዘመድ ነው። ከአይዘንስታይን በፊት የነበሩት ሰዎች ያቅዱ ነበር፤ የራሱን ሥራ እንዲህ አድርጎ ዘርዝሮ ምክንያቱን ለሌላው ለማስረዳት የደከመ ግን ከእርሱ በፊት ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ይሁን እንጂ ሰሌዳው ከጥቂት ዓመት በኋላ ብርቱ ፈተና ገጠመው። ሃንስ አይስለር የተባለው የሙዚቃ ደራሲ ከፈላስፋው ቴዎዶር አዶርኖ ጋራ የጻፈውና በ1947 በአይስለር ስም ብቻ የታተመው ስለ ፊልም ሙዚቃ የሚናገር መጽሐፍ ይህን ምርመራ ተቃወመ። ነቀፋው ባጭሩ ይህ ነው፤ ተመሳሳይነቱ በሥዕሉና በሙዚቃው መካከል ሳይሆን በሥዕሉና ሙዚቃው በተጻፈበት ወረቀት መካከል ነው። ኖታው በወረቀት ላይ እንደ ኮረብታ ቢወጣና ቢወርድ፥ ያን ኮረብታ የሚያየው አንባቢ ነው እንጂ ሰሚ አይደለም። የቆመ ሥዕል ባንድ ጊዜ ለዓይን ይገለጣል፤ ዜማው ግን ገና እየመጣ ነው። ይህ ነቀፋ እውነትነት አለው። አይዘንስታይንን ፈጽሞ ዋጋ ያሳጣዋል ማለት ግን አይደለም፤ ፊልሙን ያየ ሰው ያን የጎሕ ዝምታና ከበታቹ የሚያንሾካሹከውን ሙዚቃ አይረሳውም። የተሳሳተ ማስረጃ የቀረበለት ሥራ መልካም ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ተማሪ ከዚህ የሚያገኘው ማስጠንቀቂያ ጠቃሚ ነው፤ ወረቀቱ ማማሩ ሥራውን አያስመሰክርለትም።

የሊቃውንቱ ክርክር ሲካሄድ ነጋዴዎች አልተኙም። ከ1940 ጀምሮ በአሜሪካ በየመጠጥ ቤቱና በየሆቴሉ ፓኖራም የሚባል ታላቅ ሣጥን ቆመ፤ ዐሥር ሳንቲም ሲጐርስ ሦስት ደቂቃ የሚያህል የዘፈን ፊልም በመስተዋት እያንጸባረቀ ያሳያል። በውስጡ ስምንት ዘፈን በአንድ ጥቅል ተያይዞ ስለሚዞር ደንበኛው ተራው የደረሰውን ያያል እንጂ መምረጥ አይችልም ነበር። እስከ 1946 ድረስ ለዚህ ሣጥን ከ1,800 የሚበልጥ ፊልም ተሠራ። በ1960 በፈረንሳይ አገር የተነሣው ስኮፒቶን ግን ሠላሳ ስድስት ፊልም ይይዛል፤ ምርጫውም የገንዘቡ ባለቤት ሆነ። በሁለቱም ዘፈኑ አስቀድሞ ይቀረጽና ዘፋኙ የተቀረጸውን እየሰማ አፉን ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ ይህም ልማድ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

በ1960ዎቹ ዘፋኞች በአካል መድረስ በማይችሉበት ቴሌቪዥን ፊልማቸውን መላክ ዠመሩ። ከእነዚህ ሁሉ በኋለኞቹ ዘንድ እንደ አብነት የተቈጠረው በ1975 የኩዊን ጓደኞች ያሠሩት ነው። ዘፈኑ ስድስት ደቂቃ ሊሞላ አምስት ሴኮንድ የቀረው፥ በመካከሉም ብዙ ድምፅ ተደራርቦ እንደ ኦፔራ የሚዘመርበት ስለ ነበረ፥ በቴሌቪዥን መድረክ ቆመው የሚጫወቱት አልሆነም። ብሩስ ጋወርስ በሎንዶን አቅራቢያ በኤልስትሪ በአንድ ማታ አራት ሰዓት በሚያህል ጊዜ ቀረጸው፤ ወጪውም ከ5,000 ፓውንድ በታች ነበር። አራቱ ፊቶች ከጨለማ ውስጥ በአልማዝ ቅርጽ ብቅ ብለው የሚታዩበት ሥዕል አዲስ አልነበረም፤ በ1974 ሚክ ሮክ ለሸክላቸው ሽፋን ካነሣው ፎቶግራፍ የተወሰደ ነው። ፊቱ እየተደጋገመ ወደ ሩቅ የሚሄድበትም ብልኀት የተገኘው ካሜራውን ወደ ራሱ ማሳያ መስተዋት በማዞር ነው። እዚህ ላይ የሚደነቀው ገንዘቡ ማነሱ ብቻ አይደለም። ሥዕሉ የዘፈኑን ክፍልፋይ ጠብቋል፤ በዝግታው ክፍል ፊት ብቻ፥ በኦፔራው ክፍል የተደራረበ ፊት፥ ጊታሩ ሲጮኽ መድረክና ብርሃን። ዘፈኑ በሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ ሥዕሉም ይታጠፋል። ትርጓሜው ንባቡን አልዘለለም።

በነሐሴ 1 ቀን 1981 ከእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ አልፎ ኤም ቲ ቪ የሚባል ሌሊትና ቀን ክሊፕ የሚያሳይ ጣቢያ በአሜሪካ ተከፈተ። መዠመሪያ ያሳየው ቪዲዮ የሬዲዮውን ኮከብ ገደለው የሚለውን የበግልስ ዘፈን ነው፤ ራስል ማልኬይ በ1979 የሠራው ነበር። ከዚያ በኋላ ክሊፕ የሌለው ዘፋኝ ሸክላ ለመሸጥ ተቸገረ። በመዠመሪያዎቹ ዓመታት ጣቢያው ጥቁር ዘፋኞችን የሚያሳየው እጅግ በጥቂቱ ስለ ነበረ ብርቱ ወቀሳ ደረሰበት፤ ይህን ግድግዳ ለማፍረስ ከማንም ይበልጥ የረዳው በ1983 የታየው የማይክል ጃክሰን ሥራ ነው።

በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የወጣው ትሪለር ደግሞ የትርጓሜውንና የንባቡን ነገር እንደገና አነሣው። ጆን ላንዲስ የሠራው ይህ ፊልም ዐሥራ አራት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው፤ በሸክላው ላይ ያለው ዘፈን ግን ስድስት ደቂቃ አይሞላም። ስለዚህ ዘፈኑ ተበተነ። በሸክላው አንዱ አንጓ ካለቀ በኋላ አዝማቹ ይከተላል፤ በፊልሙ ግን ዘፋኙ ከልጅቱ ጋራ በመንገድ ሲሄድ አንጓዎቹን በተከታታይ ይጨርሳቸዋል፤ ከዚያ ሙታን ከመቃብር ይነሣሉ፤ ጭፈራው ይመጣል፤ አዝማቹ ተጠብቆ የሚሰማው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሰሚው የሚያውቀውን አዝማች ተርቦ እንዲጠብቅ ተደረገ። ይህ ታላቅ ጥበብ መሆኑን የሚክድ የለም፤ በ2009 የአሜሪካ መንግሥት ሊጠበቁ ይገባቸዋል ብሎ ከሚያኖራቸው ፊልሞች ተራ ገብቷል። ዳሩ ግን አሁን የሚታዘዘው ዘፈኑ ሆነ። አሻሻጭ ሆኖ የተቀጠረው ሥዕል የቤቱ ጌታ ሆኖ ወንበር ሲይዝ እዚህ ላይ በግልጥ ይታያል።

የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደዚህ ነገር የመጡት ዘግይተው ነው። አን ካፕላን በ1987 ስለ ኤም ቲ ቪ መጽሐፍ አወጣች፤ ምርመራዋ ከፊልም ትምህርት የመጣ ስለ ነበረ ይበልጡን በሥዕሉ ላይ ያተኵራል። በ1992 አንድሩ ጉድዊን ይህን ዐይነቱን አመለካከት ነቀፈ፤ ሊቃውንቱ ክሊፕን ድምፁ እንደ ተዘጋ ፊልም ይመለከቱታል፥ ሙዚቃውን ግን አይሰሙም ሲል ተከራከረ። ሥዕል ለግጥሙ ሊሆን የሚችለውንም በሦስት ከፈለው፤ ወይ ቃሉን እንዳለ ያሳያል፤ ወይ በቃሉ ውስጥ የሌለ ትርጕም ይጨምርበታል፤ ወይም ከቃሉ ጋራ የማይገናኝ ሌላ ነገር ያሳያል። ይህ ክፍፍል በእንግሊዝ አገር ትምህርት ቤቶች የተማሪ ሁሉ የአፍ መፍቻ ሆኗል። አንድምታ ለለመደ ሰው ሦስቱም የታወቁ መንገዶች ናቸው፤ ሦስተኛው ግን ብርቱ ጥንቃቄ ይሻል። በ2004 ካሮል ቨርናሊስ ደግሞ ክሊፕ የሚሄደው እንደ ተረት ሳይሆን እንደ ዘፈን ነው፤ አጭር፥ የሚደጋገምና የሚመላለስ ነው ብላ አስረዳች።

ከሁሉም ይልቅ ለተማሪ እጅ ቀላል የሆነውን መሣሪያ የሰጠው ፈረንሳዊው ሚሼል ሺዮን ነው፤ መጽሐፉ በ1990 የወጣ ነው። አንዱ ብልኀቱ መጋረድ ነው፤ አንድን ክፍል ብዙ ጊዜ መመልከት፥ አንድ ጊዜ ድምፁን ዘግቶ ሥዕሉን ብቻ፥ አንድ ጊዜ ሥዕሉን ሸፍኖ ድምፁን ብቻ፥ አንድ ጊዜ ሁለቱን አብሮ። ሁለተኛውን የግዴታ ጋብቻ ይለዋል፤ የሥዕሉን ሙዚቃ አንሥቶ ሌላ ሌላ ሙዚቃ ማጋባት ነው። አንዳንዱ ሥዕል ከመጣው ሙዚቃ ሁሉ ጋራ ተስማምቶ ይኖራል። እንዲህ ያለው ሥዕል ለዘፈኑ የተለየ ነገር እንዳልሠራለት ያን ጊዜ ይታወቃል።

የተማሪው ዕቅድም የተሰበሰበው ከዚህ ሁሉ ነው። ዘፈኑን ይመርጣል፤ የባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ደጋግሞ ሰምቶ አንጓውንና አዝማቹን በሴኮንድ ይለካል። ሦስት ደቂቃ ተኩል የሆነ ዘፈን 210 ሴኮንድ ነው፤ አንዱ ቀረጻ ሁለት ሴኮንድ ቢቈይ 105 ቀረጻ ይፈልጋል። ስንፍናን የሚገልጠው ይህ ቍጥር ነው። ሠላሳ ሥዕል ብቻ አስቦ የመጣ ሰው በቅንብሩ ክፍል ሲቀመጥ በሁለተኛው አንጓ ላይ ባዶውን ይቀራል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ዘፋኙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ካሜራውን በሦስትና በአራት ስፍራ እያዞሩ ደጋግመው ይቀርጻሉ። በየምቱ ላይ ሥዕልን መቍረጥ የዠማሪ ፈተና ነው፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዓይን ቍርጡን አስቀድሞ ያውቀዋልና ይሰለቻል።

አይስለር በሰሌዳው ላይ ላነሣው ነቀፋ ከኀምሳ አምስት ዓመት በኋላ መልስ የሚመስል ሥራ ወጣ። ፈረንሳዊው ሚሼል ጎንድሪ በ2002 ኬሚካል ብራዘርስ ለተባሉት እንግሊዛውያን ስታር ጊታር የሚለውን ዘፈን በሥዕል ሠራላቸው። ጎንድሪ ራሱ በወጣትነቱ ከበሮ መቺ ነበረ። ክሊፑ ከባቡር መስኮት የሚታይ ሜዳ ብቻ ነው፤ ሰው የለበትም፥ ታሪክም የለበትም። ነገር ግን በመስኮቱ የሚያልፈው ግንብ፥ ዓምድና ድልድይ እያንዳንዱ ለአንድ የሙዚቃ ድምፅ የቆመ ነው፤ ያ ድምፅ በሚመለስበት ጊዜ ያው ነገር ተመልሶ ያልፋል። ጎንድሪ አስቀድሞ ዘፈኑን በካሬ ወረቀት ላይ ምት በምት ዘረዘረው። ከዚያም ብርቱካንና ሹካ፥ የቴፕ ክርና መጽሐፍ፥ ብርጭቆና የስፖርት ጫማ በተራ ደርድሮ ሜዳውን በትንሹ አስመሰለው። የባቡሩን መንገድ በፈረንሳይ አገር ከኒም እስከ ቫላንስ ድረስ ብርሃኑ እየተለዋወጠ እንዲገኝ በቀኑ ልዩ ልዩ ሰዓት ዐሥር ጊዜ ቀረጸው፤ የተቀረጸውንም በኮምፒውተር እየቈራረጠና እየጨመረ በወረቀቱ ልክ ገጣጠመው።

እዚህ ላይ ሥዕሉ እንደ አይዘንስታይን ሰሌዳ ቆሞ አይጠብቅም። ግንቡ ይመጣል፥ ያልፋል፥ አይያዝም፤ የዜማን ጠባይ ወስዷል። አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው በመዠመሪያው ደቂቃ ተራ ጕዞ ሊመስለው ይችላል፤ የሚያነቃውም ዓይኑ ሳይሆን ጆሮው ነው። የሺዮን መጋረጃ ሲመጣበትና ድምፁ ሲዘጋ የሚቀረው ከኒም ወደ ቫላንስ የሚሄድ ባቡር ብቻ ነው።